ስለ ፌስቲኒዮግ ባቡር የሚባለውና እውነታው

ሰሜን ዌልስ ውስጥ ከብላይናይ ፌስቲኒዮግ ተራሮች ተነስቶ ፖርትማዶግ ወደብ የሚወርድ ባቡር አለ። ርዝመቱ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ 597 ሚሊ ሜትር ብቻ። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1 ሜትር ነበር፣ እሱም ራሱ ከጠባቦቹ ተርታ ነው የሚመደበው። ስለዚህ የዌልሱን ያየ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ግን ስለ እሱ የሚባለው ነገር አብዛኛው ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ለቱሪስት መዝናኛ የተሠራ ነው»

ዛሬ በጎብኚ ተሞልቶ ስለሚታይ ነው እንዲህ የሚባለው። የተሠራው ግን ድንጋይ ለማመላለስ ነው። ስሌት የሚባለው ድንጋይ በስሱ እየተሰነጠቀ ጣሪያ ይለበስበታል። ከብላይናይ የድንጋይ ካባዎች ወጥቶ ወደብ ላይ መርከብ ይጫን ነበር። ሐዲዱን ያጠበቡት ለማሳመር ሳይሆን ለገንዘብ ብለው ነው። ሐዲድ ሲጠብ ጠበቅ ባለ ኩርባ መታጠፍ ይቻላል። ተራራ ከመናድ የተራራውን ወገብ ይዞ መዞር ይረክሳል። መንገደኛ በይፋ መጫን የጀመረው በ1865 ነው፣ መስመሩ ከተከፈተ 29 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ በእንፋሎት ነው የሠራው»

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ነው። መስመሩ የተከፈተው በ1836፣ የመጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮች፣ ማለትም ፉርጎ የሚጎትቱት የእንፋሎት ሞተሮች፣ የመጡት በ1863። በመሃል ያሉት 27 ዓመታት ያለ ሞተር ነው ያለፉት።

እንዴት? ሐዲዱ ከተራራ ወደ ባሕር እያዘቀዘቀ ነው የሚሄደው። ድንጋይ የጫኑ ፉርጎዎች ይቀጣጠላሉ፣ ፍሬናቸው ይለቀቃል፣ ቁልቁለቱ ራሱ ይወስዳቸዋል። ፍሬን ያዦቹ ጭነቱ ላይ ተቀምጠው ሲፈጥን ያዝ፣ ሲዘገይ ለቀቅ እያደረጉ ይወርዳሉ። ዝናብም ንፋስም ፊታቸው ላይ ነው። ባዶዎቹን ፉርጎዎች ሽቅብ የሚጎትቱት ፈረሶች ናቸው። ታዲያ ፈረሶቹ ሲወረድ በእግራቸው አይሄዱም። የራሳቸው ፉርጎ ነበራቸው፣ እዚያ ውስጥ ቆመው ድርቆሻቸውን እያላመጡ ይወርዳሉ። ደህና የሥራ ውል ነው።

እንፋሎት ከመጣ በኋላም ይህ አሠራር አልቀረም። ሎኮሞቲቮቹ ባዶውን ሽቅብ ይወስዳሉ፣ ድንጋዩ እንደ ድሮው በራሱ ክብደት ይወርዳል። እስከ 1939 ድረስ እንዲሁ ቀጠለ። ነዳጅ የማይጠይቅ ነገር ማን ይተዋል?

«ባለ ሁለት ጭስ ማውጫው ሁለት ባቡር ተጣብቆ ነው»

ፎቶውን ያየ ሁሉ እንዲህ ይላል። ፊትም ኋላም ጭስ ማውጫ አለው፣ የቱ ፊቱ እንደሆነ አይለይም። ግን አንድ ሎኮሞቲቭ ነው። ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበት በርሜል፣ አንድ ረጅም አካል ሲሆን የእሳት ምድጃዎቹ መሃል ላይ ናቸው። ከቦይለሩ ሥር ደግሞ ሁለት ጋሪ መሳይ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጎማና ሲሊንደር አላቸው፣ ኩርባ ላይ ለየብቻ ይታጠፋሉ። ሐሳቡ የመሐንዲሱ የሮበርት ፍራንሲስ ፌርሊ ነው። የአስመራ–ምጽዋ መስመር ላይ የሠሩት ማሌ የሚባሉት ሎኮሞቲቮችም የተራራ ኩርባ ለማለፍ የተሠሩ ናቸው፣ እነሱ ላይ ግን የሚታጠፈው የፊተኛው ክፍል ብቻ ነው።

ቦይለሩ መሃሉን ስለያዘው ነጂው በአንድ ጎን፣ እሳት አንዳጁ በሌላው ጎን ይቆማሉ። እሳቱ ሁለት ነው፣ አካፋው አንድ። አንዱን ሲያጠግቡ ሌላው እንዳይደክም መጠበቅ አለ። እንፋሎቱን ወደሚታጠፉት ክፍሎች የሚወስደው ቧንቧ መጋጠሚያም አብሮ መንቀሳቀስ ስላለበት፣ በድሮዎቹ ላይ ማፍሰሱ የታወቀ ራስ ምታት ነበር።

የፌስቲኒዮግ የመጀመሪያው ባለ ሁለት ጭስ ማውጫ ሎኮሞቲቭ «ሊትል ወንደር» በ1869 መጣ። በ1870 በተደረገው ሙከራ ከውጭ አገር ጭምር መሐንዲሶች መጥተው ተመልክተውታል። ፌርሊም ሙከራዎቹ ጥሩ ማስታወቂያ ስለሆኑለት ኩባንያው ፈጠራውን ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ሎኮሞቲቩ ራሱ ግን ብዙ አልቆየም፣ ከአሥር ዓመት ትንሽ አልፎ አለቀለት። ስሙ ነው የተረፈው።

«ትንሽ ኩባንያ ስለሆነ የሌላ ሰው ባቡር እየገዛ ነው የኖረው»

መጀመሪያ ላይ አዎ። የመጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮች «ፕሪንሰስ»ም «ማውንቴኒር»ም ለንደን ከነበረው የጆርጅ ኢንግላንድ ፋብሪካ የተገዙ ናቸው። በ1879 ግን «ሜርዲን ኤምሪስ»ን ቦስተን ሎጅ በሚባለው የራሱ ጋራዥ ሠራ። ያው ጋራዥ በ1992 ሌላ ባለ ሁለት ፊት፣ በ2023 ደግሞ አዲሱን «ጄምስ ስፑነር» አወጣ። በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን አዲስ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ!

«1863 የሚል ካለበት ሁሉ ነገሩ የ1863 ነው»

«ፕሪንስ» የሚባለው ሎኮሞቲቭ የተሠራው ያኔ ነው፣ ዛሬም ይጎትታል። ግን ቦይለር ያልቃል፣ ጎማ ያልቃል፣ እየተቀየረ ነው እዚህ የደረሰው። ይሄን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ አሉ። እኔ አልስማማም። ሙዚየም የቆመ ዕቃ ብረቱን ይጠብቃል፣ የሚሠራ ባቡር ደግሞ መለዋወጫ ይበላል።

«ተቋርጦ አያውቅም»

ተቋርጧል። መንገደኛ መጫን በ1939 ቆመ፣ በ1946 ጭራሽ ተዘጋ። ያተረፈው ሕግ ነው ማለት ይቻላል። ኩባንያው የተቋቋመው በ1832 በወጣ የፓርላማ አዋጅ ሲሆን፣ አዋጁ መስመሩን ስለመተው ያስቀመጠው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሐዲዱን ነቅሎ መሸጥ እንደዋዛ አልሆነም፣ ሣርና ቁጥቋጦ ዋጠው። በ1954 አላን ፔግለር የሚባል ነጋዴ ኩባንያውን በእጁ አስገባ። በ1955 ከወደቡ አጠገብ ያለውን የባሕር ግድብ የሚያቋርጥ አጭር ጉዞ ተጀመረ። በጎ ፈቃደኞች እየቆፈሩ፣ የኃይል ማመንጫ ግድብ ውሃ የዋጠውን ክፍል በአዲስ መንገድ እየዞሩ፣ ብላይናይ የደረሱት በ1982 ነው።

«ሁሌም የሚያቃጥለው የዌልስ ከሰል ነው»

አይደለም። ከ1970 አካባቢ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ብዙዎቹ ሎኮሞቲቮች በነዳጅ ዘይት ነበር የሚሠሩት። የከሰል ፍንጣሪ በሐዲዱ ዳር ያለውን ደን ያቃጥል ነበርና። ወደ ከሰል የተመለሱት ከ2000 በኋላ ነው።