ፓይ ምንድን ነው? ሳፋና ሲባጎ ይዘን እንፈልገው

ፓይ የአንድ ክብ መጠነ ዙሪያ ለዲያሜትሩ፣ ማለትም በመሃሉ አልፎ ከዳር እስከ ዳር ላለው ርዝመት፣ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ክቡ የስኒ አፍም ሆነ የሳፋ አፍ፣ መልሱ ያው ነው። ከ3 ትንሽ ይበልጣል፤ 3.14 አካባቢ።

ይህን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ደብተሩ ላይ ጽፎታል። «ፓይ ስንት ነው?» ብትሉት ሳያንገራግር «3.14» ይላችኋል። «ከየት መጣ?» ስትሉት ግን ዝም ይላል። አልፈርድበትም። ቁጥሩ ተነገረው እንጂ ራሱ አላገኘውም። እኔ በበኩሌ ፓይ ሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት በልጆቹ እጅ መገኘት አለበት ባይ ነኝ። ለዚህ ደግሞ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ሲባጎ፣ ማስመሪያ፣ ጠመኔና ከየቤቱ የመጣ ክብ ነገር ነው። የድስት ክዳን፣ ሳፋ፣ ጣሳ፣ ባለ 1 ብር ሳንቲም፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል። የሹራብ ክር ግን ይቅር፤ ሲስቡት ይለጠጣል፣ ልኬቱንም ያበላሻል።

ዙሪያውን መለካት ቀላል ነው። ሲባጎውን በዳሩ ላይ አዙሮ፣ የተገናኘበትን ምልክት አድርጎ፣ ዘርግቶ መለካት ነው። የሚያስቸግረው ዲያሜትሩ ነው። ዲያሜትር በመሃል የሚያልፍ ነው፤ የክዳኑ መሃል የት እንደሆነ ደግሞ ማንም ምልክት አላደረገበትም። ዘዴ አለው። የማስመሪያውን ዜሮ ዳር ላይ ያዙና ሌላውን ጫፍ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። ከሚነበቡት ቁጥሮች ትልቁ ዲያሜትሩ ነው። ይህን ለልጆቹ ቶሎ ባትነግሯቸው ጥሩ ነው። አንዷ ልጅ ራሷ ስትደርስበት ክፍሉ በሙሉ ይማርባታል።

አሁን እናካፍል። አንዱ ቡድን ሳፋ ለካ እንበል። ዲያሜትሩ 48 ሳንቲ ሜትር፣ ዙሪያው 151 ወጣ። ሲካፈል 3.15 ገደማ ይሆናል። ሌላው ቡድን ሳንቲሙን ለካ። ዲያሜትሩ 2.7፣ ዙሪያው 8.7 ወጣ። ሲካፈል 3.22። እዚህ ላይ ጫጫታ ይነሳል። «የእነሱ ተሳስቷል!»

እባካችሁ መምህራን፣ ያን 3.22 እንዳታጠፉት። የትምህርቱ ፍሬ ያለው እሱ ላይ ነው። የሳፋው ትክክለኛ ዙሪያ 150.8 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ የሳንቲሙ ደግሞ 8.5 ገደማ። ሁለቱም ቡድኖች የሳቱት በ2 ሚሊ ሜትር ነው። ስህተታቸው እኩል ነው። ግን 2 ሚሊ ሜትር ለሳፋው ኢምንት ነው፣ ለሳንቲሙ ግን ብዙ ነው። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ «ትልቅ ክብ እንለካ» የሚለው ሐሳብ ከራሳቸው ይመጣል።

ትልቅ ክብ ደግሞ ባሕር ዳር ሞልቷል። ከተማዋ ሜዳማ ናት፤ ብስክሌት የሌለው ሰፈር የለም። ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ላይ፣ ጎማውም መሬቱም ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ጎማው አንድ ዙር ሞልቶ ምልክቱ ተመልሶ መሬት እስኪነካ ብስክሌቱን ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ። የጎማው ዲያሜትር 66 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ብስክሌቱ 2 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሦስት ዙር ገፍቶ ለ3 ማካፈል ደግሞ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። በዚህ ስሌት አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማው 483 ጊዜ ያህል ይዞራል። አንድ ልጅ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ ቢደገም ርቀቱ በጥቂቱ ያጥራል፤ ክብደት ሲያርፍበት ጎማው ከስር ይጨፈለቃላ!

ሰው ይህን ቁጥር ሲፈልግ የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ያለውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣችሁ ቀዳማዊ ነገሥት ምዕራፍ 7 ቁጥር 23ን ብታነቡ፣ ሰሎሞን ያሠራው ክብ ኩሬ ከዳር እስከ ዳር 10 ክንድ፣ ዙሪያው 30 ክንድ ነው። ስናካፍለው 3 ይመጣል። በክንድ ለሚለካና ቁጥሩን ለሚያጠጋጋ ሰው ይህ ጥሩ ልኬት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ደግሞ የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ አርኪሜዲስ 96 ጎን ያላቸውን ቅርጾች ከክቡ ውስጥና ውጭ እያሰበ፣ ፓይ ከ223/71 እንደሚበልጥና ከ22/7 እንደሚያንስ አረጋገጠ። በትምህርት ቤት የምንጠቀምበት 22/7 ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1761 ላምበርት የተባለ ሊቅ ፓይ በክፍልፋይ በልኩ ሊጻፍ እንደማይችል አረጋገጠ። ስለዚህ 3.14159 ብለን ብንቀጥል አያልቅም፣ የሚደጋገም ዙርም የለውም።

ዩኔስኮ ማርች 14ን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቀን ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ሦስተኛው ወር፣ 14ኛው ቀን። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 5 ላይ ይውላል፣ በአቦ ዓመታዊ በዓል።

ፓይ ከተገኘ በኋላ የሚሰጠው ጥቅም እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ነው። ገብተን ልንለካው የማንችለውን ይለካልናል። በባሕር ዳር መንገዶች ዳር የቆመውን ዘንባባ ሳትቆርጡ የግንዱን ውፍረት ማወቅ ትችላላችሁ፤ ዙሪያውን በሲባጎ ለክቶ ለ3.14 ማካፈል ብቻ ነው። ዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅኔ ማኅሌቱ ከውጭ፣ ቅድስቱ ቀጥሎ፣ መቅደሱ መሃል ነው። በመቅደሱ በኩል ሜትር ይዞ የሚያልፍ ተማሪ የለም። በውጭ ግን እየተራመደ መዞር ይችላል። ክብ በሆነ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ 88 ርምጃ ቢቆጥር፣ ከዳር እስከ ዳር 28 ርምጃ ነው ማለት ነው። በሜትር ማወቅ ከፈለገ መጀመሪያ የራሱን 10 ርምጃ በሜትር ይለካ፣ ለ10 ያካፍል፣ የወጣውን በ28 ያባዛ።