ዲጂታል ስክሪን በጅማ የንግድ ቤቶች ደጃፍ

የንግድ ቤት ዲጂታል ስክሪን ደንበኛን ለመሳብ በሱቅ በር አናት፣ በመስኮት መስታወት ውስጥ ወይም በግድግዳ ላይ የሚተከል፣ ጽሑፍን፣ ሥዕልን ወይም ተንቀሳቃሽ ምስልን በኤሌክትሪክ ብርሃን የሚያሳይ ሰሌዳ ነው። ከተለመደው ታፔላ የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ መልእክቱ ሰሌዳው ሳይወርድ ይለወጣል፣ የራሱ ብርሃን ስላለውም ከመሸ በኋላ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጅማ ይህ ዓይነቱ ሰሌዳ በብዛት የሚሠራው ለፋርማሲዎች፣ ለሞባይልና ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች፣ ለፎቶ ቤቶች፣ ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች ነው።

ጅማ ስክሪን ከመምጣቱ እጅግ ቀደም ብሎ የገበያ ከተማ ነበረች። የሂርማታ ገበያ በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ከሩቅ አገር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ትልቅ የንግድ ማዕከል የነበረ ሲሆን፣ ሐሙስም የታወቀ የገበያ ቀን ነው። በዚህ ዓይነት ገበያ ሻጩን የሚያስተዋውቀው ዕቃው ራሱ ነበር፤ ጨርቁ ይዘረጋል፣ ቡናው በቁና ይሰፈራል። ቋሚ ሱቆች ሲበዙ በሠዓሊ እጅ የተጻፈ የቆርቆሮ ታፔላ መጣ፤ ከዚያም በማሽን የሚታተመው ባነርና ከውስጥ መብራት ያለው ላይት ቦክስ ተከተሉ። ዲጂታል ስክሪን የደረሰው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የቀደሙትን ግን አላጠፋቸውም፤ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ባነሩም፣ ታፔላውም፣ የሚሮጠው ጽሑፍም ተደራርበው መታየታቸው የተለመደ ነው።

በአጠቃላይ ሦስት ዓይነቶች አሉ። የመጀመሪያውና ርካሹ የሚሮጥ ጽሑፍ የሚያሳየው የኤልኢዲ (ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን የሚለውጡ ጥቃቅን መብራቶች) ሰሌዳ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀይ ቀለም ይሠራል። ሁለተኛው በመስታወት ውስጥ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ የሚቆም ተራ ቴሌቪዥን ነው። ሦስተኛው ሙሉ ቀለም ያለው የኤልኢዲ ስክሪን ነው፤ ይህ ሊሠራ የቻለው ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ ብቻቸውን ነጭን መስጠት አይችሉምና። ለግኝቱ ሦስት የጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስቶች በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የፋርማሲዎቹ አረንጓዴ መስቀልም የዚሁ የኤልኢዲ ቤተሰብ ነው፤ ሥራው ግን ቀላል ነው፤ ፋርማሲው ክፍት መሆኑን ከሩቅ መንገር ብቻ ነው።

የሚሮጠው ጽሑፍ ሰሌዳ የሚገጣጠመው ፒ10 ከሚባሉ ሞጁሎች (ተገጣጣሚ የሰሌዳ ክፍሎች) ነው። ቁጥሩ በሁለት የብርሃን ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 10 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። አንዱ ሞጁል 32 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 16 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ በ32 ዓምድና በ16 ረድፍ የተደረደሩ 512 ነጥቦችን ይይዛል። ሦስት ሞጁሎች ጎን ለጎን ሲገጠሙ አንድ ሜትር የሚጠጋ ሰሌዳ ይሆናል። የጅማ ነጋዴ ይህን ሰሌዳ ሲያሠራ ከዋጋው ቀጥሎ ሊያስብበት የሚገባው ዋናው ጉዳይ የፊደል ጉዳይ ነው፤ አብዛኛው ሰሌዳም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የላቲን ፊደል በአምስት ዓምድና በሰባት ረድፍ ነጥብ በግልጽ ይጻፋል። ስለዚህ በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛው በአንድ ሞጁል ቁመት ውስጥ ላይና ታች ሆነው በሁለት መስመር ሊቀመጡ ይችላሉ። የግዕዝ ፊደል ግን ቅጥያው፣ ቀለበቱና እግሩ ነጥብ ይፈልጋል፤ «ጨ» እና «ጩ»፣ «ነ» እና «ኘ» በሰባት ረድፍ ላይ ለመለየት ያስቸግራሉ። አማርኛው ሙሉውን 16 ረድፍ ካልያዘ አንባቢው ይገምታል እንጂ አያነብም። በዚህ ላይ ከሰሌዳው ጋር የሚመጣው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የግዕዝ ፊደል በቅጡ ስለማያሳይ፣ ሠሪዎቹ ጽሑፉን በኮምፒውተር ላይ ጽፈው እንደ ሥዕል አድርገው ይጭኑታል። ያኔ ወፍራም የፊደል ቅርጽ ከተመረጠ ቀለበቶቹ ተደፍነው «ቂ» እና «ቄ» አንድ ይመስላሉ። ቀጭን ቅርጽ ይሻላል። ሦስት ቋንቋ ለሚጽፍ የጅማ ሱቅ የሚያዋጣው ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማጨናነቅ ሳይሆን በየተራ ማሳየት ነው።

ሌላው ስሌት የአላፊ አግዳሚው ጊዜ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ከነክፍተቱ 14 ዓምድ ያህል ቢወስድ፣ 96 ዓምድ ባለው ባለሦስት ሞጁል ሰሌዳ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው ሰባት ፊደል ገደማ ነው። አርባ ፊደል ያለው መልእክት በሴኮንድ 60 ዓምድ ቢሮጥ ተጀምሮ እስኪያልቅ 11 ሴኮንድ ይፈጃል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ሰሌዳውን ከ40 ሜትር ላይ ቢያየው እንኳ በአምስት ሴኮንድ ያልፈዋል። ስለዚህ «እንኳን ደህና መጡ፣ ክቡራን ደንበኞቻችን» ብሎ የሚጀምር ሰሌዳ፣ ትሕትናው የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ ባጃጁ ካለፈ በኋላ ነው የሚሸጠውን የሚናገረው። የዕቃው ስም አስቀድሞ፣ ከተቻለም ሳይሮጥ ቆሞ መታየት አለበት። በእግር ለሚሄድ ሰው ደግሞ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ከተሠራው ይልቅ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ በሁለት ፊት የሚታየው ሰሌዳ ይጠቅማል፤ እግረኛ ፊቱን ወደ መንገዱ እንጂ ወደ ሱቁ አዙሮ አይሄድምና።

የስክሪን ትልቁ ጥቅም መልእክቱን መለወጥ መቻሉ ሆኖ ሳለ፣ በተግባር ብዙዎቹ የሱቁን ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ ዓመቱን ሙሉ ይደጋግማሉ። ይህ ታፔላው በነጻ የሚሠራውን ሥራ በኤሌክትሪክ መሥራት ነው። በአንጻሩ አንድ ምግብ ቤት ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ መኖሩን፣ በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር ሰዓት ቀደም ብሎ ሾርባና ሳምቡሳ መዘጋጀቱን ቢያሳይ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሚኖርባት ከተማ ለሁለቱም በየጊዜው ይናገራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚገቡበት ሰሞን የፎቶ ኮፒና የላፕቶፕ ጥገና፣ የቡና ለቀማ ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ወቅት ደግሞ ልብስና የቤት ዕቃ በስክሪን ላይ መቅደም ይችላሉ። በመስታወት ውስጥ ባለ ቴሌቪዥን የአውሮፓ እግር ኳስ ማሳየት ሕዝብ እንደሚሰበስብ አያጠራጥርም፤ የሚሰበሰበው ሕዝብ ግን በሩን ዘግቶ ጨዋታውን ያያል እንጂ አይገዛም።

የብርሃን መጠን ሌላው መለያ ነው። ለቤት የተሠራ ቴሌቪዥን ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 400 ካንዴላ በካሬ ሜትር ብሩህነት ስላለው፣ ፀሐይ ባረፈበት መስታወት ውስጥ ምስሉ ይጠፋና መስታወቱ የመንገዱን ነጸብራቅ ብቻ ያሳያል። ለደጅ የሚሠሩት የኤልኢዲ ስክሪኖች 5,000 እና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ማታ ካልተቀነሱ የአሽከርካሪን ዓይን ይወጋሉ። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ትጠልቃለች። ከዚያ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ፣ ሰው ከሥራና ከትምህርት የሚመለስበት በመሆኑ፣ ተራው ቴሌቪዥንም ሳይቀር በደንብ የሚታይበትና ስክሪን ወጪውን የሚመልስበት ሰዓት ነው።

አየሩ ግን ለኤሌክትሮኒክስ አይመችም። በጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል፤ ዝናቡም በክረምት ብቻ ሳይወሰን ከበልግ ጀምሮ ብዙ ወራት ይዘልቃል። ለቤት ውስጥ የተሠራ ሞጁል በደጅ ሲሰቀል መጀመሪያ የሚሞተው 220 ቮልቱን ወደ አምስት ቮልት የሚቀይረው የኃይል ሳጥን ነው። በመሆኑም ውኃና አቧራ የማያስገባ፣ አይፒ65 የሚል ምልክት ያለው ሞጁል መግዛትና ከበላዩ የቆርቆሮ ጥላ መሥራት ይመከራል። ከጅማ ብዙም በማይርቀው የጊቤ ሸለቆ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ቢሠራም፣ መብራት መጥፋቱና ሲመለስ ከፍና ዝቅ ማለቱ አልቀረም። ለኃይል ሳጥኑ ከመጥፋቱ ይልቅ የመመለሱ ቅጽበት ይከፋል፤ ስታቢላይዘር ከሌለ ወዲያው ማብራቱን ትቶ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ይሻላል።

በሕግ በኩል የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የኤሌክትሮኒክ ስክሪንን ከውጭ ማስታወቂያ ዓይነቶች ይመድበዋል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የትምባሆ ማስታወቂያን ፈጽሞ ከልክሏል፤ የአልኮል መጠጥም በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ አድርጓል። ሰሌዳውን ወደ እግረኛ መንገድ አውጥቶ ለመትከል የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ የከተማውን አስተዳደር መጠየቅ ይኖርበታል።

ሞጁሎቹ፣ መቆጣጠሪያ ካርዶቹና የኃይል ሳጥኖቹ ሁሉም ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው፣ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋቸው በብር ሲታይ ንሯል። ጥገናው ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ የተቃጠለውን ሞጁል ለይቶ መቀየር ይችላል። ችግሩ በሌላ ጊዜ የተመረተ ሞጁል ከቀድሞዎቹ ጋር በድምቀትም በቀለምም ስለማይገጥም፣ በሰሌዳው መካከል እንደ ልብስ ጥፍ ተለይቶ መታየቱ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ነጋዴዎች ሰሌዳውን ሲያሠሩ ከዚያው ምርት ሁለትና ሦስት መለዋወጫ ሞጁል አብረው ገዝተው ያስቀምጣሉ።