«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት»

ይህችን አባባል ብዙ ጊዜ ግማሿን ብቻ ነው የምንናገራት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንልና ዝም። «ይሻላል» የምትለዋን ሰሚው በልቡ ይጨርሳታል። ትርጉሟ ግልጽ ነው፤ የጨነቀ ቀን ቀድሞ የሚደርስልህ ደጅህ ላይ ያለው ነው።

እኔን ግን አንዲት ቃል ትከነክነኝ ነበር። ጎረቤት መቼም ቅርብ ነው። ታዲያ «የቅርብ» ምን ትሠራለች? «ሩቅ» ለምትለዋ ማጣመጃ ብቻ ትመስለኝ ነበር። የገባችኝ ጋሼ ሲያርፉ ነው።

ጋሼ በአንድ ወገን አጥር የምንጋራቸው አዛውንት ነበሩ። በሌላው ወገን አጥር የሚጋራን ሰውም አለ፤ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ለካ ጎረቤትም ሩቅ ይሆናል።

ቃሉ ራሱ ዕድሜ ጠገብ ነው። በግዕዝ «ጎር» ማለት ጎረቤት ነው፤ የዐረብኛው «ጃር» ዘመዱ ነው። አማርኛ «ቤት»ን ጨመረበት። ሐሳቡም የኛ ብቻ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 27 ቁጥር 10 ላይ ከራቀ ወንድም የቀረበ ጎረቤት እንደሚሻል ተጽፏል። ከዚያ ወደ አፋችን ገባ ቢባል ያስኬዳል። ግን ቻይናዎችም ይህንኑ በራሳቸው ቋንቋ ይሉታል። መጽሐፍ ባይኖርም ለቅሶ ያስተምረዋል መሰለኝ።

በእኛ አገር ሬሳ አይቆይም። ሙስሊሙ ከተቻለ በዚያው ዕለት ይቀብራል፤ ክርስቲያኑም ብዙ ጊዜ ከማግስቱ አያሳልፍም። ድሮ መርዶ በእግርና በበቅሎ ሲሄድ አስቡት። የሩቅ ዘመድ እስኪሰማ የመቃብሩ አፈር ደርቋል። የሚገንዘው፣ የሚሸከመው፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው ጎረቤት ነው። የለቅሶው ቤት እሳት ሳይነድ እንጀራውን ጋግሮ የሚያመጣው፣ ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድረውም እሱው ነው።

ጋሼ ያረፉት ሌሊት ነው። ሲነጋ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ንፍሮው ተጥዷል። ያ ስሙን የማላውቀው ሰው በር ላይ ቆሞ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። አልፈርድበትም፤ ምናልባት እኔም ስሙን ጠይቄው አላውቅም።

የጋሼ አንድ ልጅ አሜሪካ ነው። ቀብሩን ያየው በስልክ ነው። ስልኩን ከፍ አድርጌ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። እጄ ዛለ፤ ኔትወርኩም ፍትሐቱ መሐል ላይ ተቋረጠ።

አንዳንዱ ይህችን አባባል ዘመድ መስደቢያ ያደርጋታል። እኔ እንደዚያ አልሰማትም። ርቀቱን ነው የምትወቅሰው። ያ ልጅ ምን ያድርግ? ለአባቱ መድኃኒት መግዣ በየወሩ ሲልክ የኖረ ነው። መድኃኒቱን ገዝቶ ማታ ማታ «ጋሼ፣ ዋጡ?» የሚል ሰው ግን ከዚያ ሆኖ መሆን አይችልም።

ለአርባቸው መጣ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ እኛ ቤት ቡና ተፈላ። ስኒውን ይዞ ብዙ ዝም አለና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባዬ ቡና በስኳር ነበር የሚጠጣው?» አለኝ።

ስኳር አይነኩም ነበር። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ እጃቸውን አሾልከው ከእኛ ጓሮ ጤና አዳም ይቀጥፋሉ። ነገርኩት። ተነስቶ ወጣ፤ አንድ ቅንጣቢ ይዞ ተመለሰና ስኒው ውስጥ ነከራት።