ከአሜሪካ የመጣው ብልቃጥ

የምሠራበት ፋርማሲ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መሃል ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆች የቫይታሚን ፎቶ በስልክ ይዘው ይመጣሉ። «ዶክተር፣ ይሄ የት ይገኛል?» (ፋርማሲስት ነኝ፣ ግን ማን ይሰማኛል።) አልፈርድባቸውም። ጫጫታ የሚያስጨንቀውን ልጅ ይዞ መሃል ከተማ ሐኪም ጋ ለመድረስ ስንት ታክሲ መቀያየር አለ፤ ከዚያ ደግሞ ወረፋው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው የቫይታሚን ብልቃጥ ይቀላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ከነመልሴ እነሆ።

«ቫይታሚን ኦቲዝምን ያድናል።»
አያድንም። ቫይታሚን የጎደለውን ይሞላል እንጂ ኦቲዝምን አያጠፋም። ብዙ የሚጠየቀው ቫይታሚን ቢ6 ማግኒዚየም ከሚባለው ማዕድን ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲወራለት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጥናቶቹ ተሰባስበው ሲመረመሩ ግን ጥቂትና ትንንሽ ነበሩ፤ ይሰጥ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም።

«ቫይታሚን አይደል? ቢበዛ ምን ይጎዳል?»
እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ቢ6 0.6 ሚሊ ግራም ነው። ዘመድ የሚልከው አንዱ ፍሬ ግን 100 ሚሊ ግራም ሊሆን ይችላል። እንዲህ የበዛ ቢ6 ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል፤ እጅና እግር ይደነዝዛል። አፉን ያልፈታ ልጅ ደግሞ «እግሬ ደነዘዘ» ብሎ አይነግራችሁም። ቫይታሚን ኤ እና ዲም ሲበዙ በሽንት አይወጡም፣ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ።

«ፎሊኒክ አሲድ ማለት ነፍሰ ጡር የምትወስደው ኪኒን ነው።»
ነፍሰ ጡር የምትወስደው ፎሊክ አሲድ ነው፤ ስማቸው ይቀራረባል እንጂ አንድ አይደሉም። ፎሊኒክ አሲድ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ትንንሽ ጥናቶች በአንዳንድ ልጆች ንግግር ላይ ለውጥ አሳይተዋል። ለሁሉም ልጅ የሚሆን ግን አይደለም።

«ኦቲዝም የእናት ኃጢአት ነው፣ እርግማን ነው።»
አይደለም። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ሳትደብቅ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍታ በሕይወት እስካለች ድረስ ይሄን ስታስረዳ ኖራለች።

«እንግዲያው ቫይታሚን ጭራሽ አያስፈልገውም።»
ይሄም ስህተት ነው። ከፓስታና ከዳቦ ሌላ የማይነካ ልጅ የምር ሊጎድለው ይችላል። ጎረቤት እንዳያየው አራተኛ ፎቅ ተዘግቶበት የሚውል ልጅ ደግሞ ፀሐይ አያገኝም። ቫይታሚን ዲ ያጥረዋል፣ አጥንቱ ይለሰልሳል። ይሄ በሐኪም ታይቶ ይታከማል፤ ውድም አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ልጁ ምን እንደሚበላና ምን ያህል ደጅ እንደሚወጣ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ብልቃጡ ቤት ገብቶ ከሆነም ልጁ ሳይጀምረው ይዛችሁት ኑ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አብረን እናነበዋለን።