«ካፕል» ሁለት ነው ወይስ ሦስት?

የእንግሊዝኛው «ካፕል» መነሻ ትርጉሙ ሁለት ነው። «ዘ ካፕል» ከተባለ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ወይም ፍቅረኛሞች ናቸው፤ እዚህ ላይ ግርታ የለም። ጣጣው የሚመጣው «ኤ ካፕል ኦፍ ዴይስ» ሲባል ነው። ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል፤ በወሬ ላይ ግን ሦስትም፣ አንዳንዴ አራትም ይሆናል። እኛስ «አንድ ሁለት ቀን ጠብቀኝ» ስንል መች ቆጥረን እናውቃለን? አከራይዎ ቧንቧውን በ«ካፕል ኦፍ ዴይስ» እጠግናለሁ ካለ፣ ቀኑን ቁርጥ አድርጎ መጠየቅ ነው።

ለአንድ ጥንድ ጫማ ወይም ካልሲ ግን «ፔር» ነው የሚባለው። አማርኛ ሰውንም ጫማንም «ጥንድ» ስለሚል እዚህ ላይ መሳሳት ቀላል ነው። ይባስ ብሎ አንድ ሱሪም «ፔር» ይባላል፤ መቀስም እንደዚያው።