በግራንድ ካንየን የኮሎራዶ ወንዝ ጉዞ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በላስ ቬጋስ፣ በፊኒክስ ወይም በዴንቨር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን እንግዳ ሲመጣባቸው ግራንድ ካንየንን ያስጎበኛሉ፤ ጉብኝቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከገደሉ አፋፍ አያልፍም። ከአፋፉ ሆኖ ለሚያይ ሰው ቀጭን መስመር መስሎ የሚታየው የኮሎራዶ ወንዝ፣ ፈቃድ ባላቸው አስጎብኚ ድርጅቶች ጀልባ ለቀናት የሚኬድበት፣ ሌሊቱም በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ የሚታደርበት ታላቅ የበረሃ መንገድ ነው። ጉዞው የሚጀምረው በአሪዞና ሊስ ፌሪ በተባለው ስፍራ ሲሆን፣ ከዚያ ተነስቶ ተሽከርካሪ ወንዙ ድረስ ሊወርድበት እስከሚችለው ዳይመንድ ክሪክ ድረስ 363 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለው። በመካከሉ ለመኪና የሚሆን መንገድ የለም። ለዚህ ጉዞ የሚዘጋጁ ሰዎች ጥያቄ ሲያነሱ እንደሚታየው፣ ብዙዎች አጥብቀው የሚፈሩት ማዕበሉን ነው፤ ይበልጥ ሊጎዷቸው የሚችሉትን ሙቀትን፣ የውኃውን ቅዝቃዜና የእግር መንገዱን ግን አቅልለው ያያሉ። ዝግጅቱ የሚበላሸውም ከዚህ የተነሣ ነው።

«በረሃ ስለሆነ ውኃው ሞቃት ነው»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። በጁላይ ወር በካንየኑ ወለል ላይ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ወንዙ ግን ከዚህ ሙቀት ጋር አይሄድም። ምክንያቱም ከሊስ ፌሪ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ውኃ መያዝ የጀመረው፣ 216 ሜትር ከፍታ ያለው የግሌን ካንየን ግድብ አለ። ግድቡ ውኃውን የሚለቀው ከኋላው ያጠራቀመው የፓውል ሐይቅ ፀሐይ ከማያሞቀው ጥልቅ ክፍል በመሆኑ፣ ለአሥርተ ዓመታት ሊስ ፌሪ ላይ የሚደርሰው ውኃ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ቆይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ በእጅጉ ስለጎደለ በበጋው ማብቂያ ላይ ውኃው ቀድሞ ከነበረው ሞቅ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ይሁን እንጂ ይህን ታምኖ መዘጋጀት አይገባም፤ በኤፕሪልና በሜይ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ፈጽሞ አይሠራም።

እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው ሳያስበው በኃይል አየር ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃ በታች ከሆነ ውኃ ይገባዋል። ጥቂት ደቂቃዎች ሲያልፉ ደግሞ እጁ ገመድ ለመጨበጥ እንኳ ይደክማል። ጀልባው ላይ ለተቀመጠውም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ጠዋት ፀሐይ በሁለቱ የድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ገና ሳትገባ፣ ከፊት የተነሣ ማዕበል በሙሉ ጭን ላይ ሲደፋ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ያው ሰው እኩለ ቀን ላይ ጫማውን አውልቆ አሸዋውን ሊረግጠው አይችልም። ስለዚህ በበረሃ ጉዞ ዝርዝር ውስጥ የዝናብ ጃኬትና ሱሪ መጻፉ የድርጅቱ ስሕተት አይደለም። ጥጥ ልብስ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ለጠዋቱ ብርድ አይሆንም፤ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል። ለቀትሩ ሙቀት ግን ያንኑ የጥጥ ሸሚዝ ውኃ ነክሮ መልበስ ሰውነትን በደንብ ያቀዘቅዛል።

«ዋና የማይችል ሰው መሄድ አይችልም»

በደጋ ያደግን ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ስለምናድግ ይህ አመለካከት ብዙ ሰው ያስቀራል። ወንዙ ላይ እስካሉ ድረስ ማንኛውም ተጓዥ፣ ዋናተኛም ሆነ አልሆነ፣ ላይፍ ጃኬት የመልበስ ግዴታ አለበት፤ ብዙ ድርጅቶችም ዋና የማይችሉ ሰዎችን ይቀበላሉ። ቁም ነገሩ ይህን አስቀድሞ ሳይደብቁ መናገርና የጀልባውን ዓይነት በዚያ መምረጥ ነው። በሞተር የሚሄደው ትልቁ የጎማ ጀልባ ይበልጥ የተረጋጋ ሲሆን ጉዞውን በአንድ ሳምንት ገደማ ይጨርሳል፤ በመቅዘፊያ የሚሄደው አነስተኛ ጀልባ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ተጓዦቹ ራሳቸው የሚቀዝፉት ጀልባ ግን ለዋናተኞች ቢተው ይመረጣል።

ውኃው በድንጋይ ላይ እየተላተመ አረፋ የሚደፍቅበትን ቦታ አስጎብኚዎቹ ራፒድ ይሉታል፤ በዚህ ወንዝ ላይ እያንዳንዱ ራፒድ ከ1 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይመዘናል። ላቫ ፎልስና ክሪስታል ከከባዶቹ ይመደባሉ። ላቫ ፎልስ ላይ ቀዛፊዎቹ ጀልባውን ከላይ አስረው ወደ ዓለቱ ይወጡና የዕለቱ ውኃ የት እንደሚከፈል፣ የትኛው ድንጋይ እንደተሸፈነ በዓይናቸው እያጠኑ ይቆያሉ። ይህን ቆይታ አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ልምድ ያለው ቀዛፊ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከጀልባ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን ወደ ፊት፣ ወደ ውኃው መሄጃ ዘርግቶ መንሳፈፍ እንዳለበት በመጀመሪያው ቀን ይነገራል፤ ያን ገለጻ በቋንቋ ምክንያት ያልተረዳ ሰው እንዲደገምለት ይጠይቅ። አብረው የሚሄዱ ልጆች ካሉም ለወላጆቻቸው ቢተረጉሙላቸው መልካም ነው።

«ግማሹን ብቻ መጓዝ ለደካማ ሰው ይቀላል»

በእረፍት ቀን እጥረት ምክንያት ብዙዎች የላይኛውን ግማሽ ብቻ ይመርጣሉ፤ ዋጋውም ያነሰ ስለሆነ ቀላሉ እርሱ ይመስላቸዋል። የላይኛው ግማሽ የሚያበቃው በካንየኑ ወለል ላይ ባለው ፋንተም ራንች በተባለው የእንግዳ ማረፊያ አጠገብ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ አፋፉ መውጫው በእግር ነው። በብራይት ኤንጅል መንገድ 16 ኪሎ ሜትር ያህል እየተሄደ 1,340 ሜትር ገደማ ይወጣል። ይህ ዳገት ለቀናት ፀሐይ ላይ ለከረመ፣ አሸዋ ላይ ለተኛ ሰው ቀላል አይደለም፤ በጁንና በጁላይ ደግሞ በቀትር መውጣት ለሕይወት ያሰጋል። ጉልበቱ የሚያመው፣ ልቡ ወይም ሳንባው ችግር ያለበት ሰው ሙሉውን ጉዞ በሞተር ጀልባ ቢሄድ ይበልጥ ያርፋል። እናትና አባትን ይዞ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከምንም በፊት ሊያጤነው የሚገባው ይህን ዳገት ነው፤ ይህን ሳያጤኑ ቀብድ መክፈል ኋላ ወላጅን ማጉላላት ይሆናል።

«በበረሃ ብዙ ውኃ መጠጣት ብቻ ይበቃል»

ውኃ መጠጣት ግዴታ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ላብ ሲወጣ ጨውም አብሮ ይወጣል። አንድ ሰው ሳይበላ ሊትር በሊትር ንጹሕ ውኃ ብቻ ቢጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ሶድየም ከመጠን በላይ ሊቀንስና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያመጣበት ይችላል። ምልክቱ ከውኃ ጥማት ጉዳት ጋር ስለሚመሳሰል ጓደኞቹ «ጨምርና ጠጣ» እያሉ ያባብሱበታል። መፍትሔው ከውኃው ጋር ጨዋማ ነገር መብላት፣ እንዲሁም እንደ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ያለ ጨውና ስኳር የያዘ ዱቄት መያዝ ነው።

የጾም ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ድርጅቶቹ ከጉዞው በፊት የምግብ መጠይቅ ስለሚያስሞሉ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ የሌለበት ምግብ በወቅቱ ከተነገራቸው ያዘጋጃሉ፤ ሊስ ፌሪ ደርሶ መናገር ግን ዋጋ የለውም፣ ሁሉም ቀድሞ ተገዝቶ ተጭኗልና። ከባዱ ነገር ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 እስከ 21 የሚውል ስለሆነ በሙቀቱ መካከል ይገባል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ በዚያ ፀሐይ መዋል አደገኛ ነው። ጾሙን በሥርዓቱ መፈጸም የሚፈልግ ሰው ጉዞውን ወደ ሴፕቴምበር ማብቂያ ቢያሻግር፣ ካልሆነም ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ቢመክር ይሻላል። በቀን ፈሳሽ ሳይቀምሱ ለሚጾሙ ሙስሊም ወገኖችም ምክሩ ያው ነው፤ ረመዳን በየዓመቱ ቀኑ ስለሚዘዋወር ከመመዝገብ በፊት ማየት ይበቃል።

«በረሃ ውስጥ ዝናብ አያሰጋም»

ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ በአካባቢው የነጎድጓድ ዝናብ ወቅት ነው። ባዶው ዓለት ውኃ ስለማይመጥ ሩቅ የጣለ ዝናብ በጠባቡ ሸለቆ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1997 ከሊስ ፌሪ ብዙም በማይርቀው በአንቴሎፕ ካንየን 11 ጎብኚዎች የሞቱት በእንዲህ ያለ ጎርፍ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው እነርሱ ካሉበት ርቆ ነው። ክሪስታል የተባለው ራፒድም ዛሬ ያለውን አስፈሪ መልክ የያዘው በዲሴምበር 1966 የወረደ ጎርፍ ድንጋይና ጭቃ አምጥቶ ወንዙ ውስጥ ስለከመረበት ነው። ስለዚህ አስጎብኚው «ዛሬ ወደዚህ የጎን ሸለቆ አንገባም» ካለ፣ ሰማዩ ከላይ ጥርት ብሎ ቢታይም መከራከር ተገቢ አይደለም።

«አስጎብኚ ስላለ ለሕመም መጨነቅ አያስፈልግም»

አስጎብኚዎቹ የመጀመሪያ ርዳታ የሠለጠኑ ናቸው፤ ሆስፒታል ግን ይዘው አይሄዱም። በካንየኑ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ የለም፤ የሳተላይት ስልክም ከፍ ባሉት ግድግዳዎች መካከል ሁልጊዜ አይሠራም። ለከባድ ሕመም የሚጠራው ሄሊኮፕተር የቀን ብርሃንና የተረጋጋ አየር ይፈልጋል፤ ማታ የታመመ ሰው እስኪነጋ ሊጠብቅ ይችላል። ሰው የሚጎዳውም በማዕበል ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በማደሪያው ሰፈር ውስጥ ሲሄዱ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚትን ማጠፍ፣ ከጀልባ ሲዘሉ መውደቅ፣ ሁልጊዜ ከመርጠብ የተነሣ የእግር ቆዳ መሰንጠቅ ነው።

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የአስም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሚያስፈልገው በእጥፍ ይዞ፣ በሁለት የተለያዩ ውኃ የማያስገቡ ቦርሳዎች ቢከፍለው ይበጃል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። ሽንት የሚያበዙ የግፊት መድኃኒቶች በሙቀት ሰውነትን ሊያደርቁ ስለሚችሉ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ኢንሱሊን የሚወጉም ማቀዝቀዣውን ከድርጅቱ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። በጤና መጠይቁ ላይ ሕመምን መደበቅ በእኛ ዘንድ እንደ ጨዋነት የሚታይበት ጊዜ አለ፤ እዚህ ግን የሚጎዳው ራስንም አብሮ ተጓዡንም ነው።

«ወንዙ ሁሉን ያጥባል»

ደረቅ ቆሻሻና የሰው ዓይነ ምድር በሙሉ በተዘጋጀ ዕቃ ታሽጎ ከካንየኑ ይወጣል። ሽንት ግን፣ ለብዙ ሰው እንግዳ ቢመስልም፣ አሸዋው ላይ ሳይሆን ወንዙ ውስጥ እንዲሸና ይታዘዛል፤ ዝናብ በማይበዛበት ስፍራ ጥቂቶቹን የማደሪያ አሸዋዎች በየሌሊቱ የሚፈራረቁባቸው ተጓዦች ቢሸኑባቸው ሽታው አያስቀምጥም ነበር። ግድቡ ደለሉን ስለሚያስቀር እነዚህ አሸዋዎች ራሳቸው እየጠበቡ ነው።

«ከአንድ ወር በፊት መመዝገብ ይበቃል»

ተፈላጊ ቀኖች ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በፊት ይያዛሉ። ያለ አስጎብኚ በራስ ጀልባ ለመሄድ የሚሰጠው ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዕጣ ሲሆን፣ ልምድ ለሌለው ሰው አይመከርም። በአስጎብኚም ሆነ በግል፣ አንድ ሰው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ በዚህ ወንዝ ለመዝናናት አይጓዝም። በሞተር ጀልባ መሄድ የሚፈልግ ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ያለውን ጊዜ ብቻ ይምረጥ፤ ከዚያ ውጭ ሞተር አይፈቀድም። ገንዘብ ከመላክ በፊት ድርጅቱ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ፈቃድ ከተሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ጉዞው ቢሰረዝ ቀብዱ የሚመለስበትን ሁኔታ በጽሑፍ መጠየቅ፣ የጉዞ መድኑም በሄሊኮፕተር መውጣትን የሚሸፍን መሆኑን ማንበብ ያስፈልጋል።