«ሲምፕሰንስ ተንብየዋል» እና ሌሎች ስለ ካርቱን ኮሜዲ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ አዘን ቁጭ ብለናል። የእህቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። ቲክቶክ ላይ የሚዞር፣ ስለ አሜሪካው የካርቱን ኮሜዲ ሲምፕሰንስ የሚያወራ ቪዲዮ ነው። «አጎቴ እየው፣ ሲምፕሰንስ ትራምፕ ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ከመመረጡ 16 ዓመት በፊት ተናግረዋል!» ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አንዱ «ሚስጥር የሚነግራቸው አካል አለ» አለ፣ ሌላው «ኧረ ኮምፒውተር ነው የሚሠራው» አለ፣ ወሬው ደራ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ። እኔ አኒሜሽን እወዳለሁ፤ በትርፍ ሰዓቴም እሞክራለሁ። ስለዚህ ያን ቀን የተባለውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ትራምፕን ተንብየዋል»

ክፍሉ በእርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2000 ነው የተላለፈው። የሲምፕሰን ቤተሰብ ልጅ ባርት የወደፊት ሕይወቱን ያያል፤ እህቱ ሊሳ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆናለች። ከእሷ በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት ትራምፕ የበጀት ቀውስ ትቶላት እንደሄደ ለባልደረቦቿ ትናገራለች። በቃ፣ ይኼው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር።

ግን ትራምፕ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። ሰውዬው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስለ ፕሬዚዳንትነት ሲያወራ የኖረ ታዋቂ ሀብታም ነው። ኦክቶበር 1999 ላይ ሪፎርም ፓርቲ በተባለ ትንሽ ፓርቲ በኩል ለመወዳደር እንደሚያስብ በይፋ ተናገረ፤ ፌብሩዋሪ 2000 ላይ ተወው። ክፍሉ ሲተላለፍ ይህ ከሆነ ገና አንድ ወር ገደማ ነው። የክፍሉ ደራሲ ዳን ግሬኒም በ2016 ሲጠየቅ ነገሩን ለአሜሪካ እንደ ማስጠንቀቂያ እንደጻፈው ተናግሯል። አገሩን አስተውሎ የሚያይ ጸሐፊ ነው እንግዲህ። የሰውዬውን ትጋት ወስደን ለስውር ማኅበር ስንሰጥበት በጣም ያናድደኛል።

ቪዲዮው ላይ ደግሞ ትራምፕ በተንቀሳቃሽ ደረጃ እጁን እያውለበለበ ሲወርድ ይታያል። ይህኛው ምስል ከ2000ው ክፍል ጋር ምንም አያገናኘውም። ትራምፕ በእውን የወረደው ጁን 16 ቀን 2015 ነው። ካርቱኑ እሱን ተከትሎ በማግስቱ ወር፣ ጁላይ 2015 የወጣ አጭር ሥራ ነው። ሁለቱን ቆርጦ የሚያገጣጥመው ሰው ቀኑን ይደብቅሃል።

«ያ ክፍል ሲወጣ ዓለም ጉድ ብሎለታል»

አላለም። እንዲያውም በ2003 ኢንተርቴይንመንት ዊክሊ የተባለው መጽሔት ከሲምፕሰንስ ክፍሎች ሁሉ የከፋው ብሎት ነበር። ዝናው የመጣው ከ2015 እና 2016 በኋላ ነው። ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው ተመልካቹ ያለበት ዘመን ነው።

«መጀመሪያ ይሳላል፣ ድምፁ በኋላ ይገባል»

ይህን የምናስበው ወደን አይደለም። በቃና ቴሌቪዥን ስንት የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ አይተናል፤ እዚያ ምስሉ ያለቀ ነው፣ ድምፁ ነው የሚጨመረው። በአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲ ግን ተቃራኒ ነው። ጽሑፉ ይጻፋል፣ ተዋንያን ይቀረጻሉ፣ ሥዕሉ ድምፁን ተከትሎ ይመጣል። ቀልድ ሰዓት ይፈልጋላ! ተዋናይዋ የት ጋ ትንፋሽ እንደወሰደች ሠዓሊው ሳይሰማ ቅንድቡን መቼ ከፍ እንደሚያደርገው አያውቅም። (ባርትን የምትጫወተው ሴት ናት፤ ናንሲ ካርትራይት ትባላለች። ብዙ ሰው ልጅ ይመስለዋል።)

እኔም ከራሴ አይቼዋለሁ። ስምንት ሰከንድ የምትሆን ነገር ጀምሬ ነበር፤ ባጃጅ ሾፌር ዞር ብሎ «ሂሳብ ሰብሰብ አድርጉ» የሚልባት። ቀድሜ ሳልኩ፣ ከዚያ ድምፁን ቀዳሁ። አልገጠመም። መስታወት ፊት ቆመህ በላት፦ «ሂሳብ ሰብሰብ» ላይ ከንፈር ሦስት ጊዜ ይገጥማል፣ «ጉ» ላይ ይሞጠሙጣል። የኔ ሾፌር ድምፁ «ሳ» ሲል አፉ ዝግ ነው። ሁሉንም ጥዬ ከድምፁ ጀመርኩ።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል፣ በሳምንት ያልቃል»

ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ብትጠቀምበት እንኳ በሰከንድ 12 ሥዕል ትፈልጋለህ። የኔ ስምንት ሰከንድ 96 ሥዕል ሆነ። የ22 ደቂቃ ክፍል ደግሞ በዚህ ሒሳብ 15,840። ያ የ2000ው ክፍል በተሠራበት ጊዜ ቀለሙ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ በእጅ ነበር የሚቀባው፤ ሲምፕሰንስ ወደ ኮምፒውተር ቀለም የዞረው በ2002 ነው። ለአንድ ክፍል ከግማሽ ዓመት በላይ ይሠራሉ።

ብዙው የሥዕል ሥራ የሚሠራው ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ነው። ሲጀምሩ መጀመሪያ የሠሩት ክፍል ከኮሪያ ሲመለስ ጭራሽ ሊታይ የማይችል ሆኖ አገኙት። አብዛኛውን እንደገና ሠሩት። በዚህ የተነሳ የተከታታዩ መጀመሪያ ወደ ዲሴምበር 17 ቀን 1989 ተገፋ፤ በመክፈቻነት የቀረበው የገና ክፍል ሆነ፣ ያ የተበላሸው ደግሞ የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ሜይ 1990 ወጣ።

በሳምንት የሚጨርሱ የሉም ማለት አይደለም። ሳውዝ ፓርክ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ካርቱን ኮሜዲ አንድን ክፍል በስድስት ቀን ያደርሳል። በ1997 ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ክፍል ወረቀት እየቆረጡ ነው የሠሩት፤ አሁን ያንኑ የወረቀት መልክ በኮምፒውተር ይሠሩታል። ግን በእነዚያ ስድስት ቀናት ሰዎቹ እንቅልፍ የላቸውም።

«ካርቱን የልጆች ነው»

ፍሊንትስቶንስ የተባለው ካርቱን በ1960 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጀምር በምሽት ነበር የሚተላለፈው፣ ለአዋቂ። ያስተዋውቅ የነበረው ሲጋራ ነው። ሳውዝ ፓርክንማ ለትንሽ ልጅ አታሳዩ። ለእህቴም የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ ሥዕል ስለሆነ ብቻ ሪሞቱን አትስጪው፣ ክፍሉን መጀመሪያ አንቺ እዪው።